ቃሬዛውን የሚያነሡ እጆች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በጤና ክበብ አባሎች ስም የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን ጤና ይስጥልን እንላለን። ይህ ሰላምታ ዘወትር ከአፋችን የማይለይ በመሆኑ ትርጉሙን እምብዛም አናስተውለውም። በገበያ ስንገናኝ፣ እንግዳ ስንቀበል፣ ደብዳቤ ስንጽፍ አስቀድመን የምንመኘው ሀብት ወይም ሹመት ሳይሆን ጤና ነው። ስለዚህ በዛሬው ቀን ስለ ጤና ሥራ ብንናገር ከበዓሉ ደስታ የራቅን አይመስለንም።

ንግግራችን የሚመለከተው ግን ሐኪሙን ወይም ነርሷን አይደለም። በሽተኛ ሳይመረምሩ፣ መርፌ ሳይወጉ፣ ነገር ግን በጤና ሥራ ውስጥ ገብተው ሕዝብን ስለሚያገለግሉ ሰዎች ነው። ከዚህም ጋር አንድ ወጣት እንዲህ ያለውን ሥራ ለመምረጥ የሚያነሣሣውን የራሱን ምክንያት ከየት ሊያገኘው እንደሚችል የመሰለንን ለማቅረብ እንወዳለን።

ነገሩን ከራሳችን እንጀምር። ዘጠነኛ ክፍል በገባን ጊዜ አንድ መምህራችን፣ «ወደ ፊት ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ከክፍሉ ከግማሽ የሚበልጠው እጁን አውጥቶ፣ «ሐኪም!» አለ። መምህሩም ፈገግ ብለው፣ «ስለ ምን?» ብለው መልሰው ቢጠይቁን ክፍሉ ጸጥ አለ። ኋላ አንዱ፣ «አባቴ ስለሚፈልግ» አለ። አንዲቱም፣ «ሐኪም ስለሚከበር» አለች። ሌላው ደግሞ፣ «ነጭ ጋዎን ስለሚያምር» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እውነቱን ለመናገር፣ ከነዚህ ከሦስቱ የተሻለ መልስ የነበረው ሰው ከመካከላችን አልተገኘም።

መከበርን መፈለግ ነውር አይደለም፤ የአባትንም ምኞት መፈጸም መልካም ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ምክንያት ከውጭ የተደረበ ልብስ ስለ ሆነ ነፋስ ሲነሣ ይገፈፋል። ነፋሱም ሩቅ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። ካለፉትም ውስጥ ሕክምና እንዲማሩ የሚመደቡት ጥቂቶች ናቸው። እንግዲህ የቀረው ሁሉ፣ «የጤና ነገር ለእኔ አበቃ» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ? ወይስ ሌላ የጤና ሥራ ቢያገኝ እንደ ትራፊ ቆጥሮ እያፈረ ይሥራው? እኛ ሁለቱም ስሕተት ነው እንላለን። ለምን እንደ ሆነም እናስረዳለን።

በእኛ አገር በሽተኛ እንዴት እንደሚጓዝ ለዚህ ጉባኤ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከቦረና ደጋ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ፣ እንዲሁም በሳይንትና በወግዲ በኩል፣ መኪና የማይደርስበት ቀበሌ ብዙ ነው። ሰው ሲጠናበት ቅሬው ይጠራል፤ ቃሬዛ ይሰናዳል፤ ጎልማሶች በየተራ እየተቀባበሉ ዳገቱን ይወጣሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ከተሸካሚዎቹ አንዱም መድኃኒት አያውቅም። ይሁን እንጂ እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ ሐኪሙ የሚያክመው ሰው ባላገኘም ነበር።

ከመካከላችን የአንዱ ጓደኛችን አጎት በአንድ ክረምት በሳንባ ምች ታመመ። ቅሬው በዝናብ፣ በጭቃ ተሸክሞ ስሙን መጥራት ወደማያስፈልግ አንድ የጤና ተቋም አደረሰው። ሌሊት ቢሆንም ሐኪሙ ነበረ፤ በሽታውንም ሳይውል ሳያድር ለየው። ነገር ግን በሽተኛው ትንፋሽ አጥሮት ስለ ነበር ኦክስጅን ያስፈልገው ነበር። ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራው መሣሪያ ጨርቅ ለብሶ በማእዘን ቆሟል፤ ከቆመ ወራት አልፈውታል። ከዚህ በኋላ በሽተኛው ወደ ትልቅ ሆስፒታል እንዲሄድ ተባለ፤ ከመንገድ ግን አላለፈም።

በለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ፣ «ዕድሜው ነው፤ ምን ይደረጋል» እያለ አጽናና። ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ለሌላ ጉዳይ የመጣ አንድ ባለሙያ መሣሪያውን ከፈተው። የተቃጠለውን ፊውዝ ለወጠ፤ በአቧራ የታፈነውን ማጣሪያ አጸዳ፤ ምሳ ሳይደርስ መሣሪያው ሠራ። ይህን የሰማው ጓደኛችን እስከ ዛሬ ከልባችን ያልወጣ ጥያቄ ጠየቀን፤ «ተሸካሚዎቹ ነበሩ፤ ሐኪሙም ነበረ፤ ታዲያ ያልነበረው ማን ነው?»

ወንድሞችና እኅቶች! የንግግራችን ፍሬ ይህ ጥያቄ ነው። ሰው ሲሞትብን፣ «ሐኪም ጠፍቶ ነው» ማለት ለምደናል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን ሐኪሙ ቆሞ እያየ ሰው የሚሞትበት ጊዜም አለ። መሣሪያ የሚጠግን፣ መድኃኒት በጊዜው የሚያዝዝ፣ ካርድ የሚያገኝ፣ አምቡላንስ የሚነዳ ሰው ሲጎድል የሐኪሙ እጅ ባዶ ይቀራል። የጎደለውን ያወቀ ሰው የራሱን ሥራ ለማግኘት ግማሹን መንገድ ሄዷል። ያ ጓደኛችን ዛሬ የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ ለመሆን ቆርጧል። «ስለ ምን?» የሚለው ቢኖር እንደ ዘጠነኛ ክፍል ጊዜ ዝም አይልም።

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት ከ16 አገሮች የተሰበሰበውን የ112,040 የሕክምና መሣሪያዎች ዝርዝር መርምሮ፣ ሀብት ባነሳቸው አገሮች ከመሣሪያው 38.3 በመቶ የሚሆነው ከሥራ ውጭ መሆኑን አሳይቷል። ከምክንያቶቹም አንዱ የሠለጠነ ሰው ማነስ ነው። ይህም ማለት ከየአሥሩ መሣሪያ አራት ያህሉ ሰው ይጠብቃል ማለት ነው።

ያለ ሕክምና የጤና ሥራ አለ የሚለው አሳብ ዛሬ የተገኘ አይምሰላችሁ። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም ያሠለጥን የነበረው ጤና መኰንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን በአንድነት ነበር። ሳኒተሪያኑ ያዥና ፈዋሽ አልነበረም። ምንጭ ያጐለብታል፤ የውኃ ጉድጓድና መጸዳጃ ቤት ያስቆፍራል፤ ቄራና ገበያ ይመለከታል፤ ሕዝብን ያስተምራል። ሦስቱ በአንድ ቡድን ወደ ወረዳ እንዲወጡ የተደረገው የአንዱ ሥራ ያለ ሌላው ስለማይቆም ነው።

ብዙም ሳይቆይ ይህ በፈተና ታየ። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. መካከል በአገራችን ደጋማ ወረዳዎች ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር፤ በግምት 3 ሚሊዮን ሕዝብ እንደ ታመመና 150 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ቤት የሚቈጥሩ፣ ካርታ የሚነሡ፣ መድኃኒት በየግድግዳው የሚረጩ ሰዎች ነበሩ። የሚረጨው ሰው ያዳነውን ሰው በስሙ ሊያውቀው አይችልም፤ ያልታመመ ሰው ምስጋና ይዞ አይመጣምና።

የፈንጣጣም ታሪክ እንዲሁ ነው። በ1963 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ሲጀመር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ26 ሺህ የሚበልጡ ሕሙማን ተመዝግበው ነበር። የዘመቻው ሰዎች በእግርና በበቅሎ ደጋውንና ቆላውን እየዞሩ፣ በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ የበሽተኛ ሥዕል እያሳዩ፣ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋልን?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ከነርሱ መካከል ሳኒተሪያኖችና አጭር ሥልጠና ብቻ የተሰጣቸው ሰዎች ነበሩባቸው። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በዲሞ መንደር የተገኘው ሕመም በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሆነ።

እዚህ ላይ ከጎረቤታችን ከሶማሊያ አንድ ታሪክ ብንጨምር አትሰለቹንም ብለን ተስፋ እናደርጋለን። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ የተያዘው የመጨረሻ ሰው በመርካ ከተማ ሆስፒታል ወጥ ቤት ይሠራ የነበረው ዓሊ ማዖው ማዓሊን ነው። ዘመኑ ጥቅምት 1970 ዓ.ም. ነበር። በሽታው የያዘው የታመሙ ልጆችን ለጫነ መኪና መንገድ ሲመራ ነው። መርፌውን ፈርቶ ሳይከተብ መቅረቱን በኋላ ራሱ ተናግሯል። ዳነ፤ በ1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ዓሊ ግን ታሪኩን ይዞ አልተቀመጠም። ዓመታት ካለፉ በኋላ በፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ገብቶ ወላጆችን፣ «እኔ ያደረግሁትን አታድርጉ» እያለ ሲመክር ኖረ። በሐምሌ 2005 ዓ.ም. በወባ ያረፈው በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ ነው። ይህ ሰው ሐኪም አልነበረም፤ የሚያነሣሣው ምክንያት ግን የራሱ ነበር፤ ከገዛ ፍርሃቱና ከገዛ ሕመሙ ያገኘው ስለ ሆነ ማንም ሊገፈው አልቻለም።

ወደ አገራችን እንመለስና ዛሬ በቅርባችን ያሉትን ሥራዎች እንመልከት።

አንደኛው የመረጃ ሥራ ነው። ካርድ ክፍል ስንገባ የምናየው ወረፋና የወረቀት ክምር ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን የበሽተኛው ካርድ ከጠፋ ያለፈው ሕመሙ፣ የማይስማማው መድኃኒት፣ የተደረገለት ምርመራ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። በየወሩ የሚላከው ቁጥር ትክክል ካልሆነም የወባ መነሣት ሳይታወቅ ይቀራል፤ መድኃኒትም ወደማያስፈልግበት ቦታ ይሄዳል። በቁጥር የሚደሰት ልጅ ከዚህ የበለጠ የቁጥር ጥቅም ከየት ያገኛል?

ሁለተኛው የመድኃኒት አቅርቦት ነው። ብዙው የክትባት መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ መጠበቅ አለበት። ከዚህ ከወጣ ጠርሙሱ ያው ጠርሙስ ነው፤ ኃይሉ ግን ጠፍቷል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ መጋዘን፣ በደሴ ቅርንጫፍ በኩል፣ ጉጉፍቱንና አቀስታን አልፎ፣ ከዚያም በበረዶ ሣጥን እስከ መጨረሻው ጤና ኬላ ድረስ አንድም ሰው ቸል ማለት አይገባውም። ከመካከሉ አንዱ ፍሪጁን ሳያይ ቢያድር እናት ልጇን አዝላ ሦስት ሰዓት የሄደችው በከንቱ ይሆናል።

ሦስተኛው የጤና መድን ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የዞናችን ተሁለደሬ ነበር። ነገሩን ለወላጆቻችን ማስረዳት አይቸግርም፤ ከቅሬ የተለየ አይደለምና። በደኅና ቀን የሚዋጣ በክፉ ቀን ይደርሳል። ነገር ግን ቅሬ ታማኝ ዳኛና ጠንቃቃ ጸሐፊ ከሌለው እንደሚፈርስ ሁሉ፣ መድኑም አባል የሚመዘግብ፣ ሒሳብ የሚመረምር፣ ገንዘቡ ለታለመለት ሥራ መዋሉን የሚከታተል ሰው ይፈልጋል። በሒሳብ ትምህርት ጐበዝ ሆኖ ደም ማየት የማይወድ ጓደኛ ካላችሁ ቦታው እዚያ ነው በሉት።

አራተኛው አስተዳደርና ጥበቃ ነው። የሆስፒታል አስተዳዳሪ፣ የአምቡላንስ ነጂ፣ የልብስ አጣቢ፣ የጽዳት ሠራተኛ ሁሉ በዚህ ይጠቃለላሉ። የቀዶ ጥገና ክፍል ወለል በደንብ ካልጸዳ የሐኪሙ ጥበብ በቁስል መመረዝ ይበላሻል። እንግዲህ መጥረጊያ የያዘችው እናት ከሐኪሙ ጋር በአንድ ሥራ ላይ ናት እንጂ ከሥራው ውጭ አይደለችም።

ይህ ሁሉ በቃል ብቻ እንዳይመስላችሁ የሩቅ ያልሆነውን እናስታውስ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በዘለቀ ጊዜ የደሴው ሆስፒታል ጭምር ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ሐኪሞቹ ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ዕውቀታቸው አብሮአቸው ነበረ፤ መሣሪያውና መድኃኒቱ ግን አልነበረም። ተቋም እንደገና እንዲቆም የጎደለውን የሚቈጥር፣ የተሰበረውን የሚጠግን፣ የተገኘውን መዝግቦ የሚያከፋፍል ሰው ያስፈልጋል። ዕውቀት ብቻውን አልጋ አይሆንም።

እንግዲህ፣ «ጥቅሙን ተረዳን፤ ነገር ግን የእኔ ሥራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» የሚል ይኖራል። እኛም ገና ተማሪዎች ስለ ሆንን ለሌላው መምከር አይገባን ይሆናል። ይሁን እንጂ በክበባችን ተወያይተን ራሳችንን የጠየቅናቸውን ሦስት ጥያቄዎች እንናገራለን።

የመጀመሪያው፣ ያየሁትና ልረሳው ያልቻልሁት ነገር ምንድር ነው? የሚል ነው። ምክንያት ከመጽሐፍ አይገኝም። ከቤታችን፣ ከመንደራችን፣ ከመንገዳችን ይገኛል። የአያቱን መድኃኒት ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ የዞረ ልጅ ስለ መድኃኒት አቅርቦት ከማንም መማር አያስፈልገውም፤ ትርጉሙን ያውቀዋልና።

ሁለተኛው፣ ማንም ሳያመሰግነኝ ደስ እያለኝ የምሠራው ሥራ የትኛው ነው? የሚል ነው። አንዳንዱ የተበላሸ ሬዲዮ ካልፈታ እንቅልፍ አይወስደውም። አንዳንዷ የክፍሉን መዋጮ መዝገብ አንድ ብር ሳታጐድል ትይዛለች። አንዳንዱ ሁለት የተጣሉ ጓደኞችን ማስታረቅ ይችልበታል። ይህ ተፈጥሮ ለጤና ሥራ የሚሆን ሀብት መሆኑን ስላላወቅን ብቻ ንቀነዋል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። የዳነው ሰው ስሜን ሳያውቅ ቢቀር ይበቃኛልን? የሚል ነው። ሐኪም፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይባላል፤ ይመረቃል። ፍሪጁን ሌሊት ተነሥቶ ያየው ሰው ግን ማንም አያውቀውም። ለዚህ ጥያቄ ሁላችንም በአንድ ቃል፣ «ይበቃናል» አላልንም። ከመካከላችን ሁለቱ፣ «እኛ ምስጋና እንወዳለን» ብለው በእውነት ተናገሩ። እውነት በመናገራቸው አከበርናቸው፤ ሌላ ሥራ ቢመርጡም ከዛሬ ማወቃቸው ይሻላል።

ደመወዝ ማሰብም ኃጢአት አይደለም። ወላጆቻችንን መርዳት፣ ታናናሾቻችንን ማስተማር አለብን። ነገር ግን ደመወዝ ሰውን እስከ ሥራው በር ያደርሰዋል እንጂ በሌሊት ከአልጋው አያስነሣውም። ለዚያ ጊዜ የሚሆን ሌላ ምክንያት በልብ ውስጥ መኖር አለበት።

ስለዚህ በዚህ በዓል ቀን ሦስት ልመና እናቀርባለን።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጃችሁ፣ «የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ልሁን» ወይም «የጤና መዝገብ ባለሙያ ልሁን» ቢላችሁ፣ «ከሐኪም አንሰህ ነው?» አትበሉት። «ስለ ምን?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካለው መርቁት።

መምህሮቻችን ሆይ፤ ስለ ኤሌክትሪክ ስታስተምሩን ያ የቆመው መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ፣ ስለ መቶኛ ስታስተምሩን የክትባት ቁጥር እንዴት እንደሚሰላ አሳዩን። በክረምት ዕረፍት ጥቂት ተማሪዎች በካርድ ክፍልና በመድኃኒት መጋዘን እየተገኙ ሥራውን እንዲያዩ ብታማልዱልን ደግሞ ውለታችሁ ይበዛል። ሥራን ሳያዩ መምረጥ ጨለማ ውስጥ ገብቶ ልብስ እንደ መልበስ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ሐኪም ለመሆን የምትችሉና ምክንያታችሁን የምታውቁ በርቱ፤ አገራችን ትፈልጋችኋለች። ውጤታችሁ ወደ ሌላ መንገድ የሚወስዳችሁ ግን የተጣላችሁት ከጋዎኑ ጋር እንጂ ከበሽተኛው ጋር እንዳልሆነ አስቡ። በየጤና ሳይንስ ኮሌጁና በየሙያ ማሠልጠኛው ገብታችሁ ልትማሩት የምትችሉት ብዙ ሥራ አለ።

ቃሬዛ ተሸክሞ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ከፊት ያለው መንገዱን ያያል፤ ከኋላ ያለው የሚያየው የጓደኛውን ጀርባ ብቻ ነው። በሽተኛው ሲደርስ ከኋላ የነበረው ማን እንደ ነበር የሚጠይቅ አይኖርም። ሆኖም እርሱ ዳገቱ መካከል እጁን ቢለቅ ሁሉም በከንቱ ይቀራል። እኛም ከፊትም ሆነ ከኋላ፣ ያገኘነውን ጫፍ አንሥተን እንሂድ።

 ትምህርት ቤታችንን ዕድሜ ይስጥልን፤ ለሁላችሁም ጤና ይስጥልን።